ያልተጻፈ ሕግና የተጨባበጡ ሁለት እጆች



ሰው የሚተዳደርባቸው ሕጎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በወረቀት ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በአዋጅ የሚነገረው ነው። ሁለተኛው ግን ማንም ያልጻፈው፣ ማንም ያላወጀው፣ ነገር ግን ሁሉም የሚያውቀውና ሁሉም የሚፈራው ነው። የተጻፈው ሕግ ክፉ ሆኖ ሲገኝ የሚሽረው ሌላ ሕግ ይጻፋል። ያልተጻፈው ሕግ ክፉ ሲሆንስ? ያልተጻፈውን ማን ይሰርዘዋል? በዚህች ጽሑፍ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው። ምሳሌ የማመጣውም ከጦር ሜዳ ወይም ከቤተ መንግሥት ታሪክ ሳይሆን ከኳስ ጨዋታ ነው።

ጨዋታ ምን ቁም ነገር አለው ብላችሁ ነገሬን አትናቁት። ሰው በስብሰባና በንግግር ጊዜ ራሱን መሸፈን ይችላል፤ በጨዋታ ጊዜ ግን ጠባዩ ይገለጣል። እኔ የምኖረው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሰንዳፋ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማታ ማታ ዱላዬን ይዤ ስወጣ ልጆች የቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ ቆሜ አያለሁ። አንዳንዶቹ የአሜሪካ ተጫዋቾች ስም የታተመበት ካናቴራ ለብሰዋል። ስሙን ያውቃሉ፤ በዚያ ስም በስተጀርባ ያለውን ታሪክ ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። እኔም ይህን መጻፍ ያሰብሁት እነርሱን እያየሁ ነው።

የቅርጫት ኳስ እንደ ገና ወይም እንደ ጉግስ ከጥንት የመጣ ጨዋታ አይደለም፤ የተወለደበት ቦታና ጊዜ ይታወቃል። በ1884 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር አካባቢ፣ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ያስተምር የነበረ ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ መምህር፣ ተማሪዎቹ በክረምቱ ብርድ ቤት ውስጥ ተዘግተው ሲሰላቹ አይቶ የፈጠረው ነው። ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶች ሰቀለ፤ 13 ደንቦች ጽፎ ለጠፈ፤ ጨዋታውም ተጀመረ። እነዚያ 13 ደንቦች ኳስ ይዞ መሮጥን ከለከሉ፤ ሰውን መግፋትንና መምታትንም ከለከሉ። ስለ ሰው ቆዳ ቀለም የሚናገር ደንብ ግን ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። ያንን በኋላ የጨመሩት ሰዎች ናቸው፤ የጨመሩትም ሳይጽፉ ነው።

በአሜሪካ ይህ ጨዋታ በኮሌጆች ዘንድ እጅግ ይወደዳል። ውድድሩ እስከ መጋቢት ይዘልቃል። በየአካባቢው ያሸነፉት ኮሌጆች በመጋቢት ወር ለአገር አቀፉ ውድድር ይጠራሉ፤ በዚያም አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወዲያው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ 1955 ዓ.ም. ውድድር ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር 1962 ተጀምሮ 1963 ላይ ያለቀው መሆኑ ነው።

ያ ዓመት ለእኛም የሚታወስ ነው። በመጀመሪያው ላይ የሰላም ጓድ የተባሉት ሦስት መቶ ያህል አሜሪካውያን መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ተመደቡ። በመጨረሻውም ላይ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። በአፍሪካ ጥቁር ሕዝብ በየቀኑ ነፃ ይወጣ በነበረበት በዚያ ወራት፣ በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ጥቁር ሰው ከነጭ ጋር በአንድ ገበታ አይቀመጥም፣ በአንድ ትምህርት ቤት አይማርም ነበር። መስከረም 21 ቀን 1955 ዓ.ም. ጄምስ ሜሬዲት የተባለ አንድ ጥቁር ሰው በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ለመማር ሲመዘገብ ከፍ ያለ ሁከት ተነሥቶ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ለመመዝገብ ብቻ!

በሰሜኑም ቢሆን ነገሩ ፍጹም የጸዳ አልነበረም። ጥቁር ተጫዋቾችን የሚቀበሉ ኮሌጆች ነበሩ፤ ነገር ግን በአሠልጣኞቹ መካከል ያልተጻፈ ስምምነት ነበር። ይኸውም በአንድ ጊዜ ከሁለት ወይም ቢበዛ ከሦስት የበለጡ ጥቁሮች በሜዳ ላይ እንዳይታዩ የሚል ነው። ይህ በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም፤ ሁሉም ግን ይጠብቀው ነበር።

ይህን ስምምነት ካፈረሱት አንዱ በቺካጎ ከተማ የሚገኘው የሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሎዮላ ጀስዊት በሚባሉት የካቶሊክ ካህናት የሚመራ ትምህርት ቤት ነው። እነዚህ ጀስዊቶች ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደሉም፤ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ለብዙ ዓመታት የመሩት፣ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ያቋቋሙት ከካናዳ የመጡ ጀስዊቶች ነበሩ። የሎዮላ አሠልጣኝ ጆርጅ አየርላንድ ይባላል። ይህ ሰው ጨዋታ ከሚጀምሩት አምስት ልጆች አራቱን ጥቁሮች አደረገ፤ ጄሪ ሃርክነስንና ሮን ሚለርን ከኒው ዮርክ፣ ሌስ ሃንተርንና ቪክ ራውስን ከደቡብ ከናሽቪል አመጣ። አምስተኛው ጆን ኢገን የቺካጎ ልጅ፣ ነጭ ነበረ። አምበላቸው ሃርክነስ ነው።

እነዚህ ልጆች በዚያ ዓመት ብዙ መከራ አዩ። ወደ ደቡብ ሲሄዱ ጥቁሮቹ ከነጭ ጓደኞቻቸው ጋር በአንድ ሆቴል እንዳያድሩ ይከለከሉ ነበር። ከተመልካች መካከል ስድብ ይወረወርባቸው ነበር። ለሃርክነስም በሚኖርበት የተማሪዎች መኝታ ቤት አድራሻ የዛቻና የጥላቻ ደብዳቤ ይደርሰው ነበር። እነርሱ ግን መልሳቸው ጨዋታቸው ነበረ። በአገር አቀፉ ውድድር በመጀመሪያ ጨዋታቸው ቴኔሲ ቴክን 111 ለ 42 አሸነፉ። በዚያ ውድድር ታሪክ የ69 ነጥብ ልዩነት እስከ ዛሬ አልተደገመም።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እንሂድ። በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት፣ በስታርክቪል ከተማ፣ ሚሲሲፒ ስቴት የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። በዚያን ጊዜ ተማሪዎቹ ሁሉ ነጮች ነበሩ። አሠልጣኙ ቤብ ማካርቲ ጥሩ ቡድን ሠርተው በ1951፣ በ1953 እና በ1954 ዓ.ም. በአካባቢያቸው ከፍተኛውን ማዕርግ አገኙ። ሦስት ጊዜ ወደ አገር አቀፉ ውድድር የመሄድ መብት አገኙ፤ ሦስት ጊዜም ቀሩ። ምክንያቱ ምን ነበር? ጥቁር ተጫዋች ካለበት ቡድን ጋር መጫወት በሚሲሲፒ አይፈቀድም ነበርና። ይህን የሚከለክል የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ ነገር ግን ያልተጻፈው ሕግ ከተጻፈው ይልቅ ይከበር ነበር። ልጆቹ ላባቸውን አፍስሰው አሸነፉ፤ ሌሎች ሰዎች ግን የሌላውን ክብር ለመንፈግ ብለው የራሳቸውን ልጆች ክብር ቀሙ። ጥላቻ ምንጊዜም እንዲህ ነው፤ ለጎረቤት የተቆፈረ ጉድጓድ መጀመሪያ ቆፋሪውን ይጥላል።

በ1955 ዓ.ም. ሚሲሲፒ ስቴት ለአራተኛ ጊዜ አሸነፈ። በዚህ ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዶክተር ዲን ኮልቫርድ ብዙ አስበው፣ ሥልጣን ያለው አካል ካልከለከላቸው በቀር ቡድኑን እንደሚልኩ በግልጽ አስታወቁ። ሥራቸውን ሊያሳጣቸው እንደሚችል አላጡትም። አገረ ገዥው ሮስ ባርኔት ነገሩን እንደማይደግፉ ተናገሩ፤ ጋዜጦች ጮኹ። ከተማሪዎቹ ግን የሚበዙት ቡድናችን ይሂድ የሚሉ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲዎቹ የበላይ ቦርድም ተሰብስቦ የፕሬዚዳንቱን ውሳኔ አጸና።

ጨዋታው ሁለት ቀን ሲቀረው ሁለት የፖለቲካ ሰዎች ወደ አንድ ዳኛ ሄደው ቡድኑ ከክፍለ ግዛቱ እንዳይወጣ የእግድ ትእዛዝ አወጡ። የፖሊስ ሹምም ትእዛዙን ለማድረስ ተነሣ። ነገር ግን ትእዛዝ የሚጸናው ለባለቤቱ ሲደርስ ነውና፣ ባለቤቱ በቦታው አልተገኘም። አሠልጣኙ ማካርቲ ሌሊቱን በመኪና ወደ ሜምፊስ አምልጠው ከዚያ ወደ ናሽቪል ሄደዋል፤ ፕሬዚዳንቱም ወደ አላባማ ተሻግረዋል። በማግስቱ ጧት ተቀያሪ ተጫዋቾችን አስቀድመው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ላኩ፤ ዋኖቹ ግን በመኝታ ቤት ተሸሽገው ቆዩ። የሚይዛቸው ሰው አለመኖሩ ሲታወቅ ሁሉም ተሳፍረው ወደ ናሽቪል በረሩ፤ ከአሠልጣኛቸውም ጋር ተገናኝተው ወደ ሚሺጋን ተጓዙ። እስቲ አስቡት! ወንጀል ያልሠሩ፣ ዕድሜያቸው ሃያ ገደማ የሆኑ ልጆች፣ ኳስ ለመጫወት ብለው ከገዛ አገራቸው እንደ ሽፍታ ተደብቀው ወጡ። በኋላም የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ዳኛ ያንን እግድ አነሡት።

መጋቢት 6 ቀን 1955 ዓ.ም. ዓርብ ማታ፣ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት፣ በኢስት ላንሲንግ ከተማ ሁለቱ ቡድኖች ተገናኙ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አምበሎቹ ወደ መካከል ወጡ፤ በአንድ ወገን ጄሪ ሃርክነስ፣ በሌላው ወገን የሚሲሲፒው ጆ ዳን ጎልድ። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ወዲያው የፎቶግራፍ አንሺዎች መብራት ከየአቅጣጫው ብልጭ ብልጭ አለ። ሃርክነስ በኋለኛው ዘመን ሲናገር፣ ነገሩ ከጨዋታ በላይ መሆኑን የተረዳው በዚያች ቅጽበት፣ ብልጭታው ዐይኑን ሲመታው እንደ ነበረ ገልጧል።

ጨዋታው እንደማንኛውም ጨዋታ ሆነ። ሚሲሲፒዎች የመጀመሪያዎቹን 7 ነጥቦች ተከታትለው አገቡ፤ ሎዮላዎች ግን ቀስ በቀስ ደርሰው አለፏቸውና 61 ለ 51 አሸነፉ። ድብድብ አልተነሣም፤ ስድብም አልነበረም። ሚሲሲፒዎች ተሸንፈው ወደ አገራቸው ሲመለሱም ሰው የፈራው ጥፋት አልደረሰባቸውም። ሰማይ አልተደፋም፤ ምድርም አልተሰነጠቀችም። ብዙ ጊዜ ሰው ይህን ብነካ ዓለም ይፈርሳል ብሎ የሚፈራው ነገር፣ ነክቶት ሲያየው የሸረሪት ድር ሆኖ ያገኘዋል።

ሎዮላዎች ከዚያ ኢሊኖይን፣ ከዚያም ዱክን አሸንፈው መጋቢት 14 ቀን በሉዊቪል ከተማ ለመጨረሻው ጨዋታ ደረሱ። የጠበቃቸው ሲንሲናቲ ነበር፤ ያለፉትን ሁለት ዓመታት በተከታታይ ያሸነፈ ቡድን ነው። በዚያ ምሽት ጨዋታውን ከጀመሩት ከሁለቱ ወገን አሥር ልጆች ሰባቱ ጥቁሮች ነበሩ። ሎዮላዎች በሁለተኛው አጋማሽ በ15 ነጥብ ተመርተው ነበር። ሃርክነስም ለረጅም ጊዜ ኳስ አልገባለት ብሎ ተቸገረ። እነርሱ ግን ተስፋ አልቆረጡም። አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ያው ሃርክነስ ኳሷን አግብቶ 54 ለ 54 አደረጋት። በተጨማሪው ሰዓት፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ሃርክነስ ለሃንተር አቀበለ፤ ሃንተር ወረወረ፤ ኳሷ ሳተች፤ ራውስ ግን በአየር ላይ ተቀብሎ መልሶ አገባት። 60 ለ 58። አምስቱ ልጆች 45 ደቂቃ ሙሉ ያለ ተቀያሪ ተጫውተው ነው ያሸነፉት። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

አሁን ግን እውነቱን እንነጋገር። አንድ መጨባበጥ ሚሲሲፒን በአንድ ሌሊት አላዳናትም። ከዚያ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ፣ ሰኔ 5 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ለጥቁሮች መብት ይታገል የነበረው ሜድጋር ኤቨርስ በዚያው በሚሲሲፒ በገዛ ቤቱ ደጃፍ በጥይት ተገደለ። ነገር ግን በ1957 ዓ.ም. ክረምት ሪቻርድ ሆልምስ የተባለ ጥቁር ተማሪ ወደ ሚሲሲፒ ስቴት ሲገባ፣ በሌላው ዩኒቨርሲቲ እንደ ደረሰው ያለ ደም መፋሰስ አልደረሰም። በመጋቢት 1958 ዓ.ም. ደግሞ ቴክሳስ ዌስተርን የሚባለው ኮሌጅ አምስት ጥቁሮችን አሰልፎ፣ ነጮች ብቻ የነበሩበትን የኬንታኪን ቡድን 72 ለ 65 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ያልተጻፈው ሕግ እንዲህ ጥቂት በጥቂት ተሰረዘ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለምን?

ምናልባት አንድ አስተዋይ ልጅ ተነሥቶ፣ መምህር ሆይ፣ ጨዋታ እንቢ ማለት ሁልጊዜ ክፉ ነውን? ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በገዛ አገራችን ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የእግር ኳስ ውድድር በካርቱም ተደረገ። የተመደቡት ሱዳን፣ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ የደረሳት ከደቡብ አፍሪካ ጋር ነው። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን ለመላክ አልፈቀደችም፤ ወይ ነጮችን ብቻ፣ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እልካለሁ አለች። የአፍሪካን እግር ኳስ ማኅበር ያቋቋሙት ሰዎች፣ ከእነርሱም አንዱ የእኛው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ይህን አልተቀበሉም። ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ቀረች። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አቶ ይድነቃቸውም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. ነሐሴ እስከ ሞቱበት ጊዜ ድረስ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነው በዚሁ አቋማቸው ጸኑ።

በካርቱም እንቢ ማለት ለእኛ ብዙ አላስከፈለንም፤ እንዲያውም ለፍጻሜ አደረሰን ማለት ይቻላል። ዋጋው የመጣው በኋላ ነው። በሐምሌ 1968 ዓ.ም. የኦሎምፒክ ውድድር በሞንትሪያል ሊከፈት ሲል፣ የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ከሃያ የሚበልጡ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ጥለው ወጡ፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ምሩጽ ይፍጠር በዚያን ጊዜ ጉልበቱ የጠና፣ ለድል የተዘጋጀ ነበር። ሳይሮጥ ቀረ። አራት ዓመት ታግሦ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ አመጣ። በሞንትሪያል የቀረውን ግን ማንም ሊመልስለት አልቻለም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሚሲሲፒዎችም እንቢ አልጫወትም አሉ፤ ኢትዮጵያም እንቢ አልጫወትም አለች። ቃሉ አንድ ነው፤ ሥራው ግን እንደ ሌሊትና እንደ ቀን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው እንቢታ በተገፋው ሰው ላይ በር የሚዘጋ ነው፤ ሁለተኛው በር በሚዘጋው ሰው ላይ የሚነሣ ነው። ስለዚህ እናንተም በኑሯችሁ እንቢ ለማለት ስትነሡ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይህ እንቢታዬ የሚጎዳው ማንን ነው? የሚከፍተውስ ለማን ነው? ሰው ሁሉ እንቢ ስላለ ነው እንቢ የምለው፣ ወይስ ልቤ እውነቱን ስላወቀ?

ደግሞም ከሕግ ሽሹ፣ ዳኛ ናቁ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ዶክተር ኮልቫርድ ሐሳባቸውን በጨለማ አልሸሸጉም፤ የሚያደርጉትን አስቀድመው በአደባባይ ተናግረዋል፤ ቢቀጡም ለመቀበል የተዘጋጁ ነበሩ። ለሕሊናው ሲል የሚቆምና ለጥቅሙ ሲል የሚሸሽ ሰው የሚለዩት በዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ስለ ሌላ አገር ሰው ኃጢአት መናገር ቀላል መሆኑን አልረሳሁም። እኛ በቆዳ ቀለም አልተለያየንም፤ ነገር ግን ያልተጻፈ ሕግ በእኛም ዘንድ አለ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እስከ ዛሬ ድረስ የሚቆረቁረኝ ነው።

ወጣት መምህር ሳለሁ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት፣ ከዚህ ርቆ በሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። እኔ ራሴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ነበረ የቅርጫት ኳስ አውቅ ነበርና ልጆቹን ላስተምራቸው አሰብሁ። ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አቆምን። ቀለበቱን የሠራልን በአካባቢው የነበረ አንድ ቀጥቃጭ ነው፤ ከአሮጌ በርሜል ብረት ቆርጦ፣ በእሳት አግሎ፣ በመዶሻ አስተካክሎ ሰጠን፤ ዋጋም አልጠየቀም። ልጁ ተማሪዬ ነበር። ከሁሉ ፈጣንና ከሁሉ አነጣጣሪ እርሱ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ወደ ወረዳው ከተማ ሄደን እንድንጋጠም ተጠራን። የምንሄደው በእግር ነው፤ ስንቅ አንድ ላይ ይያዛል፤ ውኃም በአንድ ጣሳ ይጠጣል። በዚያ ሰሞን ከወላጆች ጥቂቶቹ መጥተው፣ የቀጥቃጭ ልጅ ከሄደ የእኛ ልጆች አይሄዱም፤ ከአንድ ጣሳ አይጠጡም፤ ዐይኑም ያስፈራል አሉኝ። የአገሩ ሕግ በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ እኩል ነው ይል ነበር፤ የጣሳው ሕግ ግን ሌላ ነበር። የበላዬም ለሰላም ሲባል ነገሩን በዝምታ አሳልፈው አለኝ። እኔም በዝምታ አሳለፍሁት። የተጫዋቾቹን ስም ጽፌ በበሩ ላይ ስለጥፍ የእርሱን ስም ተውሁት።

ልጁ መጥቶ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ደግሞም አነበበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ስሜ ተረስቶ ነው መሰለኝ» አለኝ። እኔም «ለሚመጣው ዓመት» አልሁት። ልጁ በሚመጣው ዓመት ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። በአባቱ መዶሻ በተሠራው ቀለበት የሌሎች ልጆች ኳስ ሲገባ ኖረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያን የ1955 ዓ.ም. ውድድር ታሪክ ሳነብ ደነገጥሁ። እነዚያ ሰዎች ለአንድ ጨዋታ ሲሉ አገረ ገዥ ተቃወማቸው፣ ፖሊስ ፈለጋቸው፣ በሌሊት ከአገር ወጡ። በእኔ ላይ ግን ፖሊስ አልተላከም፤ አውሮፕላን መሳፈርም አላስፈለገኝም። የሚያስፈልገኝ አንድ ስም መጻፍ ብቻ ነበር። እርሱን አልጻፍሁም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ደካማው ሲገፋ ዝም ማለት ግን ወርቅ ሳይሆን የገፊው ተባባሪ መሆን ነው።

ልጆቼ ሆይ፤ በመጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ የማውቀው መልስ ይህ ነው። ያልተጻፈን ሕግ የሚሰርዝ ሌላ ወረቀት የለም። የሚሰርዘው አንድ ሰው ተነሥቶ ሳይታዘዘው ሲቀርና፣ ሰማይ እንዳልተደፋ ሌላው ሰው ሲያይ ነው። በክፍላችሁ ማንም አጠገቡ የማይቀመጥ ልጅ ካለ አጠገቡ ተቀመጡ። በዘሩ፣ በቋንቋው፣ በአባቱ ሥራ ወይም በድህነቱ ምክንያት ከጨዋታ የሚቀር ካለ ስሙን ጥሩት። ይህን ለማድረግ ጀግና መሆን አያስፈልግም፤ እጅን መዘርጋት ይበቃል። ሳይዘረጉ የቀሩ እጆች ግን ሲያረጁም ይከብዳሉ።

የሁለቱን አምበሎች ፍጻሜ ነግሬያችሁ ላብቃ። ሎዮላና ሚሲሲፒ ስቴት ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ በ2005 ዓ.ም. በቺካጎ እንደገና ተገናኝተው ተጫውተዋል። ጆ ዳን ጎልድ ግን ያንን አላየም፤ በ2003 ዓ.ም. ሞቷልና። ጄሪ ሃርክነስ የጎልድን ሞት ሲሰማ ለቀብሩ ወደ ኬንታኪ ሄደ። ሬሳው ወዳለበት ሲገባ ከሣጥኑ አጠገብ አንድ ፎቶግራፍ ቆሞ አየ፤ ያ የመጋቢት 6 ቀን ፎቶግራፍ፣ ሁለቱ ሲጨባበጡ የተነሡት ነበር። ሃርክነስም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ዐረፈ።

ጎልድ በዚያ ምሽት ተሸናፊ ነበር። ቤተ ሰቦቹ ግን ከሕይወቱ ሁሉ መርጠው ከሬሳው አጠገብ ያቆሙት ያሸነፈበትን ቀን ሥዕል አይደለም፤ እጁን የዘረጋበትን ነው። እናንተም ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በኋላ ልጆቻችሁ ሊያቆሙት የማያፍሩበት አንድ ቀን ይኑራችሁ።